የማያውቁት አገር ይናፍቃል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጨርሼው እንደገና ከላይ ጀመርኩት። ጸሐፊው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» በሚለው ተረት ይጀምሩና «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ብለው ይጨርሳሉ። በመሐል የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ከሩቅ የወደዱትን አገር ሄዶ ማየት ሰውን አይለውጥም። የወደዱት አገር በሐሳብ የተሣለ ሥዕል ስለሆነ ሲደርሱበት ይፈርሳል። ሁለት ሳምንት ምንም አይደለም። ዛሬ ሁሉንም ስልክ ያሳያል። ገንዘቡ ለቁም ነገር ቢውል ይሻላል። ደርሶ የመጣ ሰው አገሩን መናቅ ይጀምራል። የባዕድ አገር ፍቅር ደግሞ ምላሽ የለውም። ለዚህ ለመጨረሻው ምሳሌ ያደረጉት ጃፓንን ነው።

ጃፓንን ባይጠሩ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ግን የቅን ሰው ጽሑፍ ነው። ወጣቶች ባዶ ተስፋ ተሸክመው እንዳይንከራተቱ አስበው የጻፉት ይመስለኛል። እኔም በዚያው ቅንነት ልመልስላቸው። ቅደም ተከተላቸውን ግን አልጠብቅም፤ ከሚቀለው ወደሚከብደው እሄዳለሁ።

አስቀድሜ ናፍቆቱ ከየት እንደመጣ ልናገር። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ጃፓናዊ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጥግ ላይ የቆመውን መጥረጊያ አንስቶ ክፍሉን መጥረግ ይጀምራል። እኛ አፈርን። «ቲቸር፣ ተዉት፣ እኛ እንጠርጋለን» አልነው። በተሰባበረ አማርኛ «ክፍሉ የኔም ነው» አለን። አብረን ጠረግን። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ተራ አላወጣልንም፤ አብረን መጥረግ ልማዳችን ሆነ።

አንድ ቀን ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጠመኔ አንስቶ የራሱን አገር ፊደል ጻፈልን። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። «እናንተ ሰባት፣ እኛ አምስት» አለ። ክፍሉ በሙሉ ጮኸ። በዓለም ላይ ቤት ቤት እየሠራ የሚሄድ ፊደል ያለን እኛ ብቻ ይመስለን ነበር። የእያንዳንዳችንን ስም ካታካና በሚባለው ፊደላቸው ጽፎ ሰጠን። የእኔን ወረቀት በእናቴ ዳዊት መሐል አስቀመጥኩት። ዛሬም እዚያው ነው።

ታዲያ የማያውቁት አገር አይናፍቅም? እኔ ሃያ ዓመት ናፈቀኝ። ተረቱ ብዙ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ሰው አገሩን በእጁ ይዞ መጥቶ ሲያሳይህ፣ መጥረጊያ ይዞ ክፍልህን ሲጠርግ፣ ያ አገር የማታውቀው አገር መሆኑ ያበቃል።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

ስለ ገንዘቡ የተባለውን ግማሹን እቀበላለሁ። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ለትኬቱ ስድስት ዓመት ተማሪ ቤት ለቤት አስጠንቻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ ነበር። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ ያጠራቀምኩት አንሶ ከመንገድ እቀር ነበር። የታመመ ወላጅ እያለው ወይም የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እያለበት ለጉዞ የሚያጠራቅም ሰው ካለ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ይተወው። ከዚያ ውጪ ግን ሰው በላቡ ያገኘውን ለሠርግ ድግስ ሲያፈስ «ወግ ነው» ብለን ለጉዞ ሲያውል «ቅንጦት» የምንለው ለምንድን ነው? ይህን እውነት አልገባኝም።

«ሁለት ሳምንት ሰው አይለውጥም» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከአውሮፕላኑ አይደለም። እኔ ጃፓን የቆየሁት 16 ቀን ነው። ለ16ቱ ቀን ስል ግን ሦስት ዓመት ቋንቋ ተምሬያለሁ። እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ የምነግረው ደስ የሚል ነገር አለኝ። ጃፓንኛ ለእንግሊዞች ይከብዳል፤ ለእኛ ግን አረፍተ ነገሩ ቤቱን ያውቃል። ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። «እኔ ውሃ እጠጣለሁ» እንደምንለው «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ይላሉ፤ ቃል በቃል ያው ነው። እኛ «ጠረጴዛ ላይ» ስንል «ላይ» ከጠረጴዛው በኋላ እንደሚመጣ እነሱም ከኋላ ያመጡታል። «አንተ» እና «እርስዎ» ላይ የምንጠነቀቀውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ለታላቅ ሰው ግሣቸውን ይቀይራሉ። ሦስት ዓመት የሌላ ሰው አገር ቋንቋ ስማር የራሴን ቋንቋ አጥንት አየሁት። ይህ ለውጥ የመጣው ገና ቦሌ ሳልደርስ ነው።

ደግሞ ጸሐፊው ራሳቸው የጠቀሷቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጃፓን የቆዩት ሳምንታት እንጂ ዓመታት አይደለም። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

«የወደዱት አገር ሥዕል ነው፤ ሲደርሱበት ይፈርሳል።»

እውነት ነው፤ ፈረሰ። የእኔ ጃፓን ጸጥ ያለች ነበረች። የሻይ ሥነ ሥርዓት፣ የእንጨት ቤት፣ እጅ መንሣት። በሴኡል በኩል ናሪታ አየር ማረፊያ ገብቼ የመጀመሪያውን ምሽት ያሳለፍኩት ቶኪዮ፣ ሺንጁኩ ባቡር ጣቢያ ውስጥ መውጫ ስፈልግ ነው። በዚያ ጣቢያ በቀን 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይተላለፋል። ሁሉም ይሮጣል። ማንም ማንንም አያይም። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ሸሚዝና ከረባት ያደረጉ ሰዎች ባቡር ውስጥ ቆመው ያንቀላፋሉ። አንዱ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ቦርሳውን አቅፎ። ሰው እየዞረው ያልፋል።

ሌላም ነገር ነበር። ባቡሩ ሞልቶ፣ ሰው ቆሞ እያለ፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። አንድ ቀን አጋጣሚ ነው አልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ገባኝ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ወንበሩ ብቻ ባዶ ነበር። ያን ሌሊት ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ሃያ ዓመት የወደድኩት አገር አጠገቤ መቀመጥ ፈራ።

ጸሐፊው ታሪኩ እዚህ ያበቃል ይላሉ። የእኔ እዚህ አላበቃም። አምስተኛው ቀን ላይ አንዲት አሮጊት ያንን ባዶ ወንበር አይተው መጥተው ተቀመጡ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ልጆቻቸው ቶኪዮ ናቸው፤ እሳቸው ገጠር ብቻቸውን ይኖራሉ። በመንደራቸው ካሉት ቤቶች አብዛኛዎቹ ባዶ መሆናቸውን አጫወቱኝ። በመላው ጃፓን ሰው የማይኖርባቸው ቤቶች 9 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። እኔ ስለ አንድ ባዶ ወንበር አልቅሼ ነበር። እሳቸው በባዶ ቤቶች መሐል ይኖራሉ። ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ፤ ልክ እንደ አክስቴ።

ሥዕሉ ሲፈርስ ከኋላው የነበረው ሰው ታየኝ። ሥዕልን የሚወድ ሰው ምንም አይጠየቅም፤ ሰውን መውደድ ግን ዕዳ አለው። እኔን የለወጠኝ ያ ዕዳ ነው። ሥዕሉ ባይፈርስ ኖሮ እንደሄድኩ እመለስ ነበር።

«ዛሬ ሁሉንም ስልክ ያሳያል።»

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ያለፉት ነገር ለእኔ የጉዞው ልብ ነው።

የአበበ ቢቂላን የቶኪዮ ሩጫ በስልክ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሆኖታል። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ስታዲየሙ ገብቶ ክሩን በጥሶ ሣሩ ላይ ሄዶ ሰውነቱን ሲያፍታታ፣ እግሩን ወደ ሰማይ ሲያነሣ፣ ሁሌም እዚያ ላይ አቆመዋለሁ። ሁላችንም እዚያ ላይ ነው የምናቆመው።

ቶኪዮ ስደርስ ያንን መንገድ ማየት ፈለግኩ። ሩጫው ከስታዲየሙ ተነሥቶ በኮሹ ካይዶ መንገድ ቾፉ ድረስ ሄዶ የሚመለስ ነበር። ሯጮቹ የዞሩበት ቦታ ላይ ዛሬም ምልክት አለ። እሱን አይቼ ሙቀቱ ሲበረታብኝ ከመንገዱ ዳር ወደ አንዲት ትንሽ ካፌ ገባሁ። የድሮ ዓይነት ናት፤ ጨለም ያለች፣ የእንጨት ባንኮኒ ያላት። ግድግዳው ላይ ከተጻፉት የቡና ዓይነቶች አንዱ «ሞካ» ይላል። በጃፓን ሞካ ሲሉ የእኛንና የየመንን ቡና ነው። ያንን አዘዝኩ። ባለቤቱ ሰባ የሚጠጉ ሰው ናቸው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስነግራቸው እጃቸውን ከፎጣው ላይ አነሡና «አበበ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዘጠኝ ዓመታቸው ሆኖ ከአባታቸው ጋር መንገዱ ዳር ቆመው አይተውታል።

እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። ስለ ሩጫው ማውራት ጀመርኩ። እሳቸው አዳመጡኝ። ከዚያ ቀስ ብለው «ከአበበ በኋላ የገባውን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር።

ኮኪቺ ጹቡራያ ይባላል። ከፉኩሺማ የመጣ ወታደር ነበር። ከአበበ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ገባ። ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ እየጮኸለት፣ የመጨረሻው ዙር ላይ እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ ቀደመው። በሰከንዶች ሦስተኛ ሆነ። ጃፓን በዚያ ኦሎምፒክ በአትሌቲክስ ያገኘችው ብቸኛ ሜዳሊያ የእሱ ነው። እሱ ግን በአገሩ ሕዝብ ፊት በመቀደሙ ይቅር የማይባል ጥፋት እንደሠራ ቆጠረው። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ሊክስ ተነሣ። ሰውነቱ እንቢ አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 በ27 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። በተወው ደብዳቤ ላይ ለወላጆቹና ለወንድሞቹ ስላበሉት ምግብ አንድ በአንድ አመስግኖ፣ ደክሞኛል፣ ከዚህ በኋላ መሮጥ አልችልም ብሏል።

ሰውዬው ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ሲኒውን ብቻ ደጋግመው ያብሱ ነበር። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ አበበን አድንቀው ሲጨርሱ ዝም ይሉ ነበር አሉኝ። ዝምታው የጹቡራያ ነበር።

አበበ ከገባ በኋላ ሁለተኛው እስኪገባ አራት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ አለ። እኔ በሕይወቴ ያንን አራት ደቂቃ አይቼው አላውቅም ነበር። ስልኬ ውስጥ ሁልጊዜም ነበረ። ማንም አልከለከለኝም። ግን ስልክ የምትጠይቀውን ነው የሚያሳይህ፤ ምን እንደማታውቅ አይነግርህም። ያንን የሚነግርህ ባንኮኒ ማዶ የቆመ ሰው ነው። እኛ እንደ ልደት የምናወራውን ቀን እነሱ እንደ ሙት ዓመት ያወሩታል። ሁለቱም አንድ ቀን ነው።

አበበም በኋላ በመኪና አደጋ ሽባ ሆኖ በ41 ዓመቱ ነው ያረፈው። እኔም በተራዬ ይህን ነገርኳቸው። ያውቁ ነበር። ለቡናው አላስከፈሉኝም።

ዛሬ ለተማሪዎቼ ስለ አበበ ስነግር ሁለቱንም ስሞች እጠራለሁ። ጸሐፊው «ምን ተለወጠ?» ቢሉኝ፣ ይህ አንዱ ነው።

ወደ ታሪኩ ልግባ። «የባዕድ አገር ፍቅር ምላሽ የለውም» ያሉበት ክፍል የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄዱ። በዚያን ጊዜ የእኛ የተማሩ ሰዎች ዓይን ጃፓን ላይ ነበር። አውሮፓውያን ያልገዟት፣ ንጉሠ ነገሥት ያላት፣ በአንድ ትውልድ ፋብሪካና ባቡር የዘረጋች አገር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን እንኳ የተቀዳው ከእነሱ እ.ኤ.አ. ከ1889ኙ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ኅሩይ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። አራት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ወረረን። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ላይ ጃፓን የጣሊያንን ወረራ ተቀበለች፤ በምላሹ ጣሊያን የጃፓንን የማንቹሪያ ይዞታ ተቀበለች። ኅሩይ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ አረፉ።

ጸሐፊው ይህን በትክክል ጽፈዋል። እኔ እንዲያውም አንድ ነገር እጨምርላቸዋለሁ። ጃፓን ማንቹሪያን መውረር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1931 ነው። ኅሩይ ጃፓን የደረሱት ከዚያ ሳምንታት በኋላ ነው። እሳቸው የብርሃን ማደሪያ ያሏት አገር በዚያው ሰዓት የሌላ ሰው አገር እየወረረች ነበር። ፍቅር ያላየው ነገር ነበረ። ይህን ማለት ኅሩይን ማቃለል አይደለም፤ እኔም ባለሁበት ቦታ ሆኜ ብዙ አላየሁም።

የምለየው መደምደሚያው ላይ ነው። ጃፓንን አንድ ሰው አድርገው ነው የከሰሷት። ጣሊያን ሊወረን ሲነሣ የጃፓን ተራ ሰዎች ለእኛ ቆመው ነበር። ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ዘምተን እንዋጋ ብለው የጠየቁም ነበሩ። ውሉን የተፈራረመው መንግሥት ነው። ጃፓን አሳልፋ ሰጠችን ብለን የምንዘጋው በር ከእነዚህ ሰዎችም ላይ ይዘጋል። ደግሞስ ሰው አገር የሚወደው ውለታ ለማስመለስ ነው? ኅሩይ ያዩትን በጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት አሳትመው ለአገራቸው ሰው ሰጡ። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ እኔ የሒሳብ መምህሯ አነበብኩት። ቶኪዮ ያለው ሹም እ.ኤ.አ. በ1936 የፈረመው ወረቀት ይህን አይሰርዘውም።

ሒሮሺማ የሄድኩትም ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። የወራሪም የተቃጠለም አገር እንዴት ነው የሚወደደው? ሐምሌ 30 ቀን፣ በእነሱ ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ ደወሉ ሲመታ በሺዎች መሐል ቆሜ ነበር። የአቶም ቦንቡ በወደቀበት እ.ኤ.አ. በ1945፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው ሞቷል። ሙዚየሙ ውስጥ የአንድ የሦስት ዓመት ልጅ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አለ፤ ዝጓል፣ ተጣሟል። ስለ እሱ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ስለ ትራሙ ግን ልጻፍ። ቦንቡ በወደቀ በሦስተኛው ቀን የከተማው ትራም በአንድ መስመር እንደገና መሄድ ጀምሯል። ወንዶቹ ጦር ሜዳ ስለነበሩ ከነጂዎቹና ከትኬት ቆራጮቹ ውስጥ ተማሪ ልጃገረዶች ነበሩበት። በሦስተኛው ቀን! ሬሳው ገና አልተነሣም። ከተማው ዓመድ ነው። ከዚያ ቀን የተረፉ ትራሞች ዛሬም ሰው ይጭናሉ። እኔ እዚያ ከተማ ትራም ተሳፍሬ ያሰብኩት ደብረ ብርሃንን ነው። በከተማዬ ዳር በመጠለያ የሚኖሩ ተፈናቃዮች አሉ። ለዓመታት በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ምን ላድርግ፣ ከአቅሜ በላይ ነው እል ነበር። እነዚያ ልጃገረዶች ከተማውን አልገነቡም። አንድ ትራም ነዱ። ከተመለስኩ በኋላ ክረምት ክረምት የመጠለያው ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

አሁን የመጨረሻውና ለእኔ ከባዱ ነጥብ። «ደርሶ የመጣ ሰው አገሩን መናቅ ይጀምራል።»

ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ እኔን ያዩኝ ያህል ተሰምቶኛል። ከተመለስኩ በኋላ ለወራት አስቸጋሪ ሰው ነበርኩ። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ሲቀድመኝ «ጃፓን ቢሆን» እላለሁ። ስብሰባ ሲዘገይ «እዚያ ባቡር አንድ ደቂቃ ቢዘገይ ይቅርታ ይጠየቃል» እላለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጨዋነት «እዚያው ብትቀሪ ጥሩ ነበር» አለችኝ። ደነገጥኩ። ትክክል ነበረች።

ግን ይህ የመንገዱ መሐል ነው። ጸሐፊው መሐሉን አይተው መጨረሻው ነው አሉ።

ጃፓን ሳለሁ የ5,000 የን ብር ኖት እጄ ገባ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የወጣው አዲሱ ነው። ላዩ ላይ ያለችው ሴት ኡሜኮ ጹዳ ናት። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1871 ግማሽ መንግሥቷን መርከብ ላይ ጭና አሜሪካንና አውሮፓን እንዲያጠኑ ስትልክ፣ አብረው ከተላኩት አምስት ልጃገረዶች ትንሿ እሷ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነበር። አሜሪካ 11 ዓመት ቆየች። ስትመለስ የገዛ ቋንቋዋን ረስታዋለች። ከእናቷ ጋር መግባባት አልቻለችም። የአገሯ ሴቶች ኑሮ አናደዳት። ያን ጊዜ ያያት ሰው ጸሐፊያችን ያሉትን ይል ነበር፦ አገሯን ናቀች፣ ጠፋች። እሷ ግን ቋንቋዋን እንደ ልጅ እንደገና ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1900 ለሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ዛሬ ጹዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ንዴቷ ሥራ እስኪሆን ከተመለሰች 18 ዓመት ፈጅቶባታል። በመጀመሪያው ዓመት ብንፈርድባት ኖሮ ትምህርት ቤቱን አናይም ነበር።

የእኔ ንዴት ትንሽ ነው፤ ሥራውም ትንሽ ነው። መጥረጊያውን ክፍሌ ውስጥ አቁሜያለሁ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አነሣዋለሁ። ለሦስት ሳምንት ብቻዬን ጠረግኩ። «ጃፓን ቢሆን» አላልኩም። አራተኛው ሳምንት ላይ አንድ ተማሪ ከእጄ ተቀበለኝ።

እና ደግሞ ቡሄ።

ጃፓኖች በነሐሴ አጋማሽ የሙታኖቻቸውን መንፈስ ወደ ቤት የሚቀበሉበት በዓል አላቸው፤ ኦቦን ይባላል። ከተሜው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ሲያበቃ በእሳት ይሸኟቸዋል። በእነሱ ነሐሴ 16 ምሽት ኪዮቶ ነበርኩ። ከተማዋን በከበቡት አምስት ተራሮች ላይ እሳት ይለኮሳል። የመጀመሪያው «ትልቅ» የሚል ፊደል ቅርጽ አለው። አጠገቤ የቆመ አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ እሳቱ እያሳየ የአያቱን ስም ይነግረው ነበር። ሁለት ቀን ቆይቶ አዲስ አበባ ስገባ የቡሄ ዋዜማ ነበር። ያን ጊዜ ግን ደክሞኝ ተኛሁ። ሰፈሩ ሲጮህ በሩን ዘጋሁት።

በዓመቱ፣ በ2017 ቡሄ፣ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ዝናቡ አባራ። ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ሆያ ሆዬ አሉ፤ እናቴ ሙልሙሉን አደለች። ሲመሽ ችቦው በደጃችን ተለኮሰ።

«እዚያስ ቡሄ አላቸው?» አለችኝ።

«ቡሄ የላቸውም እማዬ። እሳት ግን ያበራሉ። ተራራ ላይ።»

«ለማን?»

«ለሙታኖቻቸው። መንገዳቸውን እንዲያዩ።»

ዝም አለች። እሳቱን ስታይ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ያልተነካ ችቦ አነሣች፤ ከእሳቱ አስጠጋችው፤ እስኪይዝ ጠበቀች። የአባቴን ስም ጠራች። ቀጥሎ የታላቅ ወንድሟን። ከዚያ እኔ የማላውቃቸውን ሁለት ስሞች ጠራች። እነማን እንደሆኑ ጠየቅኳት፤ ችቦው ነድዶ እስኪያልቅ ስትነግረኝ አመሸን።